አይድህም፣ ይንፏቀቃል፦ ስለ 11 ወር ሕፃን ለቀረበ ጥያቄ የሕፃናት ሐኪም ምላሽ

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ የመጀመሪያ ልጄ ነው፤ 11 ወር ሞላው። የተወለደው በ35 ሳምንቱ ነው። ጥሩ አድርጎ ይቀመጣል፣ ይስቃል፣ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል። ግን አንድም ቀን አልዳኸም። ቁጭ ብሎ በመቀመጫው ይንፏቀቃል። ላቆመው ስሞክር እግሩን ይሰበስባል እንጂ መሬት አይረግጥም። የጎረቤቴ ልጅ በ10 ወሯ ሶፋ ይዛ ትሄዳለች። ስልኬ ላይ የጫንኩት አፕ ደግሞ በየሳምንቱ ‹ይህን ማድረግ ነበረበት› እያለ ያስጨንቀኛል። አማቴ ወጌሻ ጋ እንውሰደው ይላሉ፤ እህቴ ከዱባይ ዎከር ልካለች። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ ብዙም አንወጣም። እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ዕድሜውን እናስተካክል። ልጅሽ በ35 ሳምንቱ ከተወለደ ከ40ው ሳምንት 5ቱ ይጎድለዋል። ያ ጊዜ ማህፀን ውስጥ ሆኖ አንጎሉና ጡንቻው የሚበስሉበት ነበር፤ እሱ ግን ውጭ ሆኖ ነው ያሳለፈው። ስለዚህ እንቅስቃሴውን ስንመዝን ከ11 ወሩ ላይ 5 ሳምንት እንቀንሳለን፤ 10 ወር ሊሞላው ጥቂት ቀን የቀረው ልጅ ነው ማለት ነው። ክትባቱ ግን የሚቆጠረው በተወለደበት ቀን ነው፣ እሱን አትንኪ። ይህን ቅነሳ 2 ዓመት እስኪሞላው እንቀጥልበታለን። ያለ ቀናቸው የተወለዱ ልጆችን ይዘው ተጨንቀው ከሚመጡ እናቶች ብዙዎቹን ይህን የነገራቸው ሰው የለም። አፕሽም ሲጫን የልደቱን ቀን ብቻ ከጠየቀሽ፣ በየሳምንቱ የሚያስፈራራሽ በሌላ ልጅ ዕድሜ ነው።

የጎረቤትሽ ልጅ በ10 ወሯ ሶፋ ይዛ ሄደች፤ እሰየው። ግን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣውን ጥናት ላንሣልሽ። በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ 816 ጤናማ ሕፃናት ከ4 ወራቸው ጀምሮ እየታዩ መቼ እንደተቀመጡ፣ መቼ እንደዳኹ፣ መቼ እንደቆሙ ተመዘገበ። ያለ ድጋፍ መቀመጥ ከ3.8 እስከ 9.2 ወር፣ ይዞ መቆም ከ4.8 እስከ 11.4፣ በእጅና በጉልበት መዳህ ከ5.2 እስከ 13.5፣ ብቻውን መራመድ ደግሞ ከ8.2 እስከ 17.6 ወር ሆኖ ተገኘ። የመጨረሻውን ልብ በዪው። ቀድሞ በሄደውና ዘግይቶ በሄደው መካከል ከ9 ወር በላይ ልዩነት አለ፣ አንድ ሙሉ እርግዝና ማለት ነው፤ ሁሉም ግን ጤነኛ ናቸው። «ወንድ ልጅ ይዘገያል» የሚባለውም ቢሆን እዚያ ጥናት ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየበትም።

መዳህን በተመለከተ ደግሞ፣ ከእነዚያ ጤነኛ ልጆች 4.3 በመቶው በእጅና በጉልበት ጭራሽ አልዳኹም። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከልም በ2022 የዕድገት መከታተያ ዝርዝሩን ሲያሻሽል መዳህን ከዝርዝሩ አውጥቶታል። ይህን የተቃወሙ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ነበሩ፤ መዳህ ለትከሻና ለእጅ ጥንካሬ ይጠቅማል ነው ክርክራቸው፤ እውነትም ይጠቅማል። ልጁ ስላልዳኸ ብቻ ግን ታሟል አይባልም። እኔ በዚህ ዕድሜ የምጠይቀው ልጁ ከቦታ ወደ ቦታ የሚሄድበት የራሱ ዘዴ አለው ወይ ብዬ ነው። ያንቺ ልጅ አለው፤ ይንፏቀቃል።

የሚንፏቀቁ ልጆች የራሳቸው ጠባይ አላቸው። ብዙዎቹ በሆዳቸው ሲተኙ ያለቅሳሉ፣ መገልበጥ አይወዱም። ቁጭ ካሉ በኋላ ግን ዓለማቸው እሱው ይሆናል፤ አንድ እጃቸውን ወይም ሁለቱንም መሬት ላይ ተክለው፣ በተረከዛቸው እየሳቡ ቤቱን ያዳርሱታል። ከብብታቸው ይዘሽ ስታነሺያቸው እግራቸውን ከዳሌያቸው አጥፈው ወደ ፊት ይዘረጋሉ፤ አየር ላይ ወንበር የተቀመጠላቸው ይመስላሉ። ልታቆሚያቸው ዝቅ ስታደርጊያቸውም ያንን አቀማመጥ አይለቁም። «እግሩን ይሰበስባል፣ መሬት አይረግጥም» ያልሽኝ ይህንኑ ይመስለኛል። እንዲህ ያሉ ልጆች ከሌሎቹ ዘግይተው ነው የሚሄዱት፤ ከ18 ወር የሚያልፉ፣ 2 ዓመት የሚጠጉም አሉ። ብዙ ጊዜም ከቤተሰብ የሚወረስ ነገር ነው። ስለዚህ ወጌሻውን ትተሽ አማትሽን ሌላ ነገር ጠይቂልኝ፦ ባለቤትሽ በሕፃንነቱ ዳኸ ወይስ ተንፏቀቀ? መቼስ ሄደ? እናቶች ይህን አይረሱም።

ይህን ሁሉ የምልሽ ግን ልጁን ሳላየው ነው። መንፏቀቅ ጤነኛም ልጅ ላይ፣ አንድ ወገኑ የደከመ ልጅ ላይም ይታያል። ልዩነቱ ያለው አኳኋኑ ላይ ነው። ነገ ጠዋት ጠግቦና ደስ ብሎት ሳለ ልብሱን አውልቂና እይው።

ሲንፏቀቅ የሚገፋው በየትኛው እጁ ነው? አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ከሆነ ጥሩ። ሁልጊዜ በአንዱ ከሆነና ሌላኛውን ጨብጦ ወደ ደረቱ የሚይዘው ከሆነ ይህ ወሳኝ ምልክት ነው። አሻንጉሊት ከቀኝ ስጪው፣ ከዚያ ከግራ። ከ1 ዓመት በታች ያለ ልጅ በሁለቱም እጁ እኩል መውሰድ አለበት። ቤተሰብ «ግራኝ ሊሆን ነው» ብሎ ስቆ ያልፈዋል፤ በዚህ ዕድሜ አንድ እጅ ብቻ መምረጥ ግን ሌላኛው እጅ ችግር እንዳለበት ሊያመለክት ስለሚችል እኛ አንስቅም።

ቀጥሎ አልጋው ላይ ሆነሽ ወገቡን በሁለት እጅሽ አጥብቀሽ ያዥና ፊቱን ወደ ፍራሹ አድርገሽ ቀስ ብለሽ ዝቅ አድርጊው። ከ8 ወይም ከ9 ወር ጀምሮ ጤነኛ ሕፃን ሊወድቅ የመሰለው እንደሆነ ሁለቱንም እጆቹን፣ መዳፉን ከፍቶ፣ ወደ ፊት ይዘረጋል። ሁለቱም እኩል ከመጡ ደስ ይለኛል። አንዱ ከቀረ ቪዲዮ ቅረጪልኝ።

እግሩንም እይ። ስታነሺው ለስለስ ብሎ የሚታጠፍ እግር ሌላ ነው፤ እንደ እንጨት የሚገተር፣ ጣቱን ወደ ታች የሚቀስር፣ አንዱ በሌላው ላይ የሚጠላለፍ እግር ሌላ። ሁለተኛው የጡንቻ ውጥረት መጨመሩን ስለሚያሳይ ቶሎ መታየት አለበት። ዳይፐር ስትቀይሪ ሁለቱም ጭኖቹ እኩል ይከፈታሉ? አንዱ የሚከለክልሽ ከሆነ፣ ወይም ጉልበቶቹን አጥፈሽ ስታስተያዪያቸው አንዱ ዝቅ ካለ፣ የዳሌ መገጣጠሚያው መታየት አለበት። በአንቀልባ ማዘል፣ እግሩ ወገብሽን አቅፎ እስከተከፈተ ድረስ፣ ለዳሌው ጥሩ ነው። እግርን አንድ ላይ ቀጥ አድርጎ ጥብቅ አድርጎ መጠቅለል ግን ለዳሌ መውለቅ ያጋልጣል።

አሁን በደብዳቤሽ ውስጥ ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝን ልንገርሽ፤ አንቺ እንደ ዋዛ ነው የጠቀስሽው፦ 4ኛ ፎቅ፣ ብዙም አንወጣም።

የ13 ወር ፀሐይ አገር ነን እንላለን፤ ሪኬትስ (በቫይታሚን ዲ እጥረት የሕፃናት አጥንት የሚላላበት በሽታ) ግን አዲስ አበባ ውስጥ ብርቅ ሆኖ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ፣ በኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የተሠራ ጥናት ላይ፣ በሳንባ ምች ከታመሙ 500 ሕፃናት በ210ሩ ሪኬትስ ሲገኝ፣ ሳንባ ምች ከሌለባቸው 500 ግን በ20ው ብቻ ነው የተገኘው። የጎድን አጥንቱ የላላ ልጅ በደንብ መተንፈስና አክታውን ማውጣት ይቸግረዋል። ከዚያ ወዲህ ኮንዶሚኒየሙና ፎቁ በዛ እንጂ ልጆች ፀሐይ የሚያዩበት ጊዜ የጨመረ አይመስለኝም። ያለ ቀኑ የተወለደ ልጅ ደግሞ ካልሲየምና ፎስፈረስ ከእናቱ በብዛት የሚወስድበት የእርግዝና መጨረሻ ስለሚያመልጠው ከመነሻው ክምችቱ ትንሽ ነው። የጡት ወተት ለሁሉ ነገር ምርጥ ሆኖ ቫይታሚን ዲ ግን ብዙም የለውም። ሪኬትስ ያለበት ልጅ ጡንቻው ይልፈሰፈሳል፣ መቆምም ያመዋል፤ ስለዚህ እግሩን ይሰበስባል።

ለዚህ መጀመሪያ የምታዪው እጁን ነው። የእጅ አንጓው ላይ አጥንቱ ሰፍቶ አምባር ያሰረ ይመስላል? ደረቱ ላይ የጎድን አጥንቶቹ ጫፍ ሲዳሰስ መቁጠሪያ ይመስላል? እርግብግቢቱ ለዕድሜው በጣም ሰፊ ነው? አንድም ጥርስ አላወጣም? ሲተኛ ጭንቅላቱ ትራሱን እስኪያርስ ያልበዋል? ላብና ጥርስ ብቻቸውን ብዙ አይነግሩኝም፤ አንጓው ካበጠ ግን ሌላ ሰበብ አልፈልግም፣ የአንጓ ራጅና የደም ምርመራ አዝዛለሁ። ሪኬትስ ከሆነ ይድናል፤ ልጁም መቆም ይጀምራል፤ ከምንሰጣቸው ሕክምናዎች ውስጥ ውጤቱ እንደዚህ በዓይን የሚታይ ብዙ የለም።

ምልክቱ ባይኖርበትም ፀሐይዋን ዛሬውኑ ጀምሪ። በመስኮት መስታወት በኩል የገባ ፀሐይ ያሞቃል እንጂ ቫይታሚን ዲ አያሠራም፤ መስታወቱ የሚያስፈልገውን ጨረር ያስቀረዋል። በረንዳ ካለሽ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ እጁንና እግሩን ገልጠሽ፣ ጭንቅላቱን በኮፍያ ከልለሽ፣ 15 ወይም 20 ደቂቃ አውጪው። ጎሕ ሲቀድ የሚወጣው ለስላሳ ፀሐይ ደስ ይላል፣ ጨረሩ ግን ደካማ ነው። ከዚህ ጋር በቀን 400 ዩኒት የቫይታሚን ዲ ጠብታ መስጠት ለጡት ጠቢ ሕፃን ሁሉ የሚመከር ነው፤ መጠኑን ፋርማሲው ጠርሙሱ ላይ ያሳይሽ፣ ጠብታው እንደየዓይነቱ ይለያያልና። «አንድ ጊዜ ተወግቶ ይገላገል» ተብሎ የሚሰጠውን ከፍተኛ መጠን ግን ሐኪም ሳያየው እንዳታስወጊው፤ ሲበዛ ኩላሊት ይጎዳል።

አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ፣ ጥቁር ቆዳ ያን ጨረር ለመውሰድ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል፤ ክረምታችሁ ደግሞ የለውም። ጠብታውን አታቋርጡ። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ልጃችሁ 3 ዓመት ሳይሞላው ስለ ዕድገቱ ከተጠራጠራችሁ የሐኪም ወረቀት ሳትጠብቁ ራሳችሁ ወደ ክፍለ ግዛታችሁ የቅድመ ድጋፍ ፕሮግራም መደወል ትችላላችሁ፤ ምርመራው በሕግ ነፃ ነው። እስራኤል ያላችሁ የጢፓት ሐላቭ (የእናቶችና ሕፃናት ጤና ጣቢያ) ነርሷን ጠይቁ።

ወደ ዎከሩ ልምጣ። እህትሽን አመስግኚና ወደ ዕቃ ቤት አስገቢው። ዎከር መራመድ አያስተምርም፤ ልጁ በጣቱ ጫፍ መሬቱን እየገፋ ይንሳፈፋል እንጂ ክብደቱን በእግሩ መሸከምም ሚዛን መጠበቅም አይለምድም። ካናዳ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ መሸጡን ከልክላለች፤ ምክንያቱ ደግሞ ደረጃ ላይ ተንከባለው ጭንቅላታቸውን የሚጎዱ ሕፃናት ናቸው። አንቺ 4ኛ ፎቅ ነው ያለሽው፣ የኮንዶሚኒየም ደረጃ ደግሞ ምን እንደሚመስል ታውቂዋለሽ። የእኛ ቤት የራሱ አደጋም አለው። ዎከር ላይ ያለ ልጅ በአንድ አፍታ ክፍሉን አቋርጦ ረከቦቱ ጋ ይደርሳል፤ እጁም ጀበናው ላይ ይደርሳል። ፈላ ውሃና ቡና ደረታቸው ላይ የፈሰሰባቸው ልጆች ታሪካቸው ብዙ ጊዜ «ዞር ስል» ብሎ ይጀምራል።

ወጌሻውን በተመለከተ አማትሽን በትሕትና አስረጂያቸው። የተጣመመ ነገር የለም፣ የሚቀናም ነገር የለም። ሪኬትስ ያለበት አጥንት ቢጎተት ሊሰበር ይችላል፤ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ደግሞ ደም አስቁሞ እጅና እግር እስከማስቆረጥ ያደረሰባቸውን ልጆች ሆስፒታሎቻችን ያውቋቸዋል። ሲታጠብ እግሩን በቅቤ ወይም በቫዝሊን ቀስ አድርገው ቢያሹት ደግ ነው፤ ደስ ይለዋል፣ እሳቸውም ድርሻ ይኖራቸዋል። ብቻ አይጎትቱት፤ በእጁ አንጠልጥለውም አያንሡት፣ ክርኑ ይወልቃል።

የሚያስፈልገው መሬት ነው። ፎቅ ቤት ውስጥ ሴራሚኩ ስለሚቀዘቅዝ ልጁ ቀኑን የሚያሳልፈው አልጋ፣ ሶፋ፣ ጀርባ ላይ ነው። ልምምድ ምን ያህል እንደሚያመጣ ማወቅ ከፈለግሽ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኬንያ የኪፕሲጊስ ማኅበረሰብ ላይ የተሠራ ጥናት አለ፦ እናቶቹ መሬት ላይ ትንሽ ጉድጓድ እየቆፈሩ ልጆቻቸውን መቀመጥ ያስተምራሉ፣ መራመድም ያለማምዷቸዋል፤ ልጆቹም ከአሜሪካ ልጆች አንድ ወር ገደማ ቀድመው ይቀመጡና ይሄዱ ነበር። ባልተለማመዱት በኩል ግን አይቀድሙም ነበር። ስለዚህ ወፍራም ምንጣፍ ወይም ብርድ ልብስ መሬት ላይ አንጥፊ፤ ፍራሽ አይሁን፣ ይሰምጣል። ካልሲውን አውልቂ። ከዚያ ዝቅ ባለች በርጩማ ላይ ወይም በጭንሽ ላይ አስቀምጪው፣ ሁለቱም እግሮቹ ሙሉ መሬት ይንኩ። የሚወደውን ነገር (የቴሌቪዥን ሪሞት ከአሻንጉሊት ሁሉ ይበልጥባቸዋል) ከፊቱ ሶፋው ጫፍ ላይ አድርጊለት። ለመውሰድ ጎንበስ ሲል ክብደቱ ሳይታወቀው ወደ እግሩ ይሄዳል። ወገቡን ብቻ ደግፊው። መጀመሪያ መቀመጫው ለቅጽበት ብቻ ብድግ ብትል ይበቃል። አየር ላይ አንጠልጥለሽ ልታቆሚው ስትሞክሪ እግሩን የሚሰበስብ ልጅ በዚህ መንገድ ብዙ ጊዜ ይረግጣል። «ወፌ ቆመች»ን ለዚያን ጊዜ አቆዪው።

ምግቡን ስላልነገርሽኝ በአጭሩ፦ 1 ዓመት ሳይሞላው የላም ወተት ዋና ምግቡ ከሆነ የብረት እጥረት ያመጣል፤ ደም ያነሰው ልጅ ደግሞ ይደክማል፣ ለመንቀሳቀስም ወኔ የለውም። እንቁላል፣ ጉበት፣ ሥጋና ምጥን ገንፎ ይግቡ።

ቀጠሮ ሳይጠበቅ በዚህ ሳምንት መታየት ያለበት ልጅ ይህ ነው፦ ይችለው የነበረውን ነገር የተወ፣ ለምሳሌ ይቀመጥ የነበረ አሁን የሚወድቅ፤ አንድ ወገኑን ብቻ የሚጠቀም፤ ሰውነቱ እንደ ጨርቅ የላላ ወይም የተገተረ፤ በተስተካከለ ዕድሜው 9 ወር አልፎት ያለ ድጋፍ የማይቀመጥ፤ ዓይኑ ሰው የማይከተል ወይም ለድምፅ የማይዞር። በተወለደ ሰሞን በጣም ቢጫ ሆኖ ከነበረ ወይም ሳያለቅስ ቆይቶ ከነበረም ለሐኪሙ ይነገረው። በተስተካከለ ዕድሜ 18 ወር ሞልቶት ያልሄደ ልጅ፣ የሚንፏቀቅም ቢሆን፣ ሙሉ ምርመራ ይገባዋል፤ ወንድ ከሆነ የጡንቻ በሽታ ለመለየት ሲኬ የሚባል የደም ምርመራ ይጨመርበታል።

ያንቺን ልጅ ግን እስከዚያ አላቆየውም። የክትባቱ ቀጠሮ ከ9 ወር በኋላ ወደ 15 ወር ነው የሚዘለው፤ ልጆች የሚቆሙበትና የሚራመዱበት ጊዜ በሙሉ በዚያ መሀል ስለሚወድቅ፣ እናት ራሷ ካልመጣች ልጁን ባለሙያ ሳያየው ያልፋል። በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ ጤና ጣቢያም ይሁን የሕፃናት ሐኪም ጋ ውሰጂው፤ የጭንቅላቱ ዙሪያ ይለካ፣ ዳሌውና አንጓው ይታይ። የክትባት ካርዱንና ከወለድሽበት ሆስፒታል የተሰጠሽን የመውጫ ወረቀት ያዥ። ሐኪም ቤት ሲደርስ ማልቀስ እንጂ መንፏቀቅ አይሆንለትምና ቤት ሳለ ሲንፏቀቅ፣ ከፊት አንዴ ከጎን አንዴ፣ በስልክሽ ቅረጪው። እንቅልፍ ማጣቱ እሱ ተኝቶም የማይለቅሽ ከሆነ ያንንም እዚያው ለሐኪሙ ንገሪው፤ እናትን መጠየቅ የሥራችን አካል ነው። በተስተካከለ ዕድሜው 12 ወር ሲሞላው ይዞ መቆም ካልጀመረ ደግመሽ ጻፊልኝ፤ ፊዚዮቴራፒ የሚጀመርበትን እንነጋገራለን።